በታናሼ ቴሴራ

ደጋፊ የኔን ስም እየጠራ ሲዘፍን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ኳስ ተጫውቻለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል፣ ተሰድቤያለሁ፣ በሬዲዮ ተጠርቻለሁ፣ ማሊያዬ ጀርባ ላይ ስም ተጽፎልኛል። ሁሉም ግን የታናሽ ወንድሜ ስም ነበር። እዚህ ላይ የኔንም የሱንም አልጽፍም። የኔን ብጽፍ ከእናቴና ከጥቂት የሰፈር ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። የሱን ብጽፍ ደግሞ የወሰድኩበትን እንደገና መውሰድ ይመስለኛል።

የተወለድነው አሰላ ነው። አሰላና ዙሪያዋ የሯጭ አገር ነው። ጠዋት ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ሳይነሣ በቱታ አስፋልቱን የሚያቋርጡትን ያየ ሰው፣ በዚያ ከተማ ኳስ የሚጫወት አለ ብሎ አይገምትም። እኔም መሮጥ ሞክሬ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ በተደረገ ውድድር ከመጨረሻው አንድ ቀድሜ ገባሁ፤ የመጨረሻው ልጅ ጫማው ተበጥሶበት እንደነበር ስሰማ ተውኩት። ቁመት ነበረኝ፣ ትከሻ ነበረኝ፣ ሰው አቁም ከተባልኩ አቆማለሁ። የመሃል ተከላካይ የሆንኩት በዚህ ነው። ታናሼ በአራት ዓመት ያንሰኛል። ቀጭን ነው፣ በግራ እግሩ ይጫወታል፣ ኳስ እሱ ጋ ስትደርስ ትረጋለች። ከሁለታችን ተጫዋቹ እሱ እንደነበር ለማንም ስናገር አላፍርም። የማፍርበት ሌላ ነው።

አባታችን ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ ልጆች ሳለን ሞተ። እናታችን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ሥራዋ በመስኮት የታካሚውን ስም ጠይቃ ከመደርደሪያው ላይ ካርዱን ፈልጋ ማውጣት ነው። ቀላል ይመስላል። በአንድ ከተማ ውስጥ ስንት ሰው ከነአባቱ ተመሳሳይ ስም እንዳለው የሚያውቀው ግን እንደሷ ያለ ሰው ብቻ ነው። የአያት ስም ትጠይቃለች፣ የእናት ስም ትጠይቃለች፣ አልጠራ ካላት ከወንበሯ ተነሥታ የሰውየውን ፊት ታያለች። የአንዱ ካርድ ለሌላው ከሄደ የደም ግፊት ያለበት ሽማግሌ የነፍሰ ጡር መድኃኒት ይዞ ቤቱ ይገባል እያለች ታስቀን ነበር። እቤትም የሁላችንን ወረቀት አባታችን በተወው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በየፖስታው አድርጋ ታስቀምጣለች። በወረቀት ጉዳይ ቀልድ አታውቅም።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከተማችን ለክልሉ የታዳጊዎች ውድድር ቡድን ማዘጋጀት ጀመረች። ውድድሩ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሆኑ ነው። አሰልጣኙ ከልምምድ በኋላ ለብቻዬ አስቀረኝና አገጬን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «ጺም የለህም። ታናሽ አለህ?» አለኝ።

ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ያኔ ይህ ጥያቄ በኛ ሜዳ የጫማ ቁጥር እንደ መጠየቅ ነበር። አንዱ የታናሹን የትምህርት ቤት ካርድ ያመጣል፣ አንዱ የአክስቱን ልጅ፣ አንዱ የሞተ ወንድሙን። ሌብነት ነው የሚል አልነበረም፤ «ዕድሜ ማስተካከል» ነበር የሚባለው። የወንድም ካርድ ከሁሉም ይመረጥ ነበር። የአባትና የአያት ስም አንድ ስለሆነ የሚለወጠው የመጀመሪያው ስም ብቻ ነው፤ ቢጠየቁም እናቱን አያቱን ሳይሳሳቱ ይመልሳሉ።

ካርዱን ከሳጥኑ ያወጣው ራሱ ታናሼ ነው። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ላካፍለው ብዬ አይደለም፤ ምን ያህል ደስ ብሎት እንደነበር እንዲታወቅ ነው። እናታችን ሥራ ላይ ነበረች። ፖስታውን ከፈተ፣ ካርዱን በሸሚዙ ጠረገና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ አንተ ከገባህ እኔን ትስበኛለህ» አለኝ። አንድ ውድድር ብቻ ነው፣ ሲያልቅ እመልስልሃለሁ አልኩት። ያኔ ከልቤ ነበር።

እናታችን የሰማችው ሥራ ቦታዋ ነው። አንዲት ነርስ ትንሹ ልጅሽ ተመረጠ አይደል እንኳን ደስ አለሽ ብላ ሳመቻት። ትንሹ ልጇ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሒሳብ ይማር ነበር። ቤት ስትገባ አልጮኸችም። ሳጥኑን ከፈተች፣ ባዶውን ፖስታ አወጣች፣ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ያንተ በሽታ በሱ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ የሱ መድኃኒት ላንተ ይሰጣል» አለችኝ። «መልስለት።»

እሺ እማዬ አልኳት። ታናሼ ጥግ ላይ ቆሞ ስለኔ ይለምናት ጀመር። አንድ ውድድር ነው፣ ምን ይሆናል፣ እኔ ፈቅጄ ነው ይላል። እሷ ግን ፖስታውን ወደ ሳጥኑ አልመለሰችውም፤ ለብዙ ጊዜ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ውድድሩ ላይ ጥሩ ተጫወትኩ። ጥሩ የማልጫወትበት ምክንያትም አልነበረም፤ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆችን የሚያቆም የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ለዕድሜው ብስል ነው ተባለልኝ። ካዩኝ ሰዎች አንዱ ወደ አዲስ አበባ ወሰደኝና የአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ክለቡ ቴሴራ አወጣልኝ። ቴሴራ ፎቶህ፣ ስምህ፣ የተወለድክበት ዓመትና የክለቡ ማኅተም ያለበት የተጫዋች መታወቂያ ነው፤ ያለሱ ሜዳ አይገባም። ከጨዋታ በፊት ዳኛው ሁላችንንም አሰልፎ ፎቶውንና ፊታችንን እያስተያየ ስም ይጠራል፤ የተጠራ አቤት ይላል። የመጀመሪያ ቀን የወንድሜ ስም ሲጠራ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው በረኛ በጉልበቱ ገፋ ሲያደርገኝ አቤት አልኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ዘግይቼ አላውቅም።

በዓመቱ ታናሼ ተመረጠ። ያው አሰልጣኝ፣ ያው ውድድር፣ እሱ ግን በእውነተኛ ዕድሜው። የልጆቹ ስም ለምዝገባ ተልኮ የሱ ብቻ ተመለሰ። በዚህ ስም፣ በዚህ የትውልድ ዘመን፣ ከዚህች እናት የተወለደ ተጫዋች አዲስ አበባ በሚገኝ ክለብ ተመዝግቧል ይላል። አሰልጣኙ አልደነገጠም፤ ሌላ ካርድ አምጣ አለው። የኔን ቢያመጣ በወረቀት ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ለታዳጊ ውድድር አይረባም። የአጎታችንን ልጅ ካርድ ሊሰጡት ሲሉ እምቢ አለ። የራሴ እያለኝ የሰው አልይዝም አለ። እኔ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ያቃተኝን እሱ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ቻለው።

አውቶብስ ተሳፍሮ እኔ ጋ መጣ። የካምፑ በር ላይ ጥበቃው ስሙን ሲጠይቀው የራሱን ተናገረ። ሰውየው የሚያሾፍበት መስሎት ተቆጣ፤ የዚህ ስም ባለቤት ውስጥ ምሳ እየበላ ነው አለው። ጭቅጭቁን ሰምቼ ወጣሁ። ታናሼ ታኬታውን በፌስታል ይዞ ቆሟል። ከግንቡ ሥር ተቀመጥን። ምን ይሻለናል አለኝ እንጂ መልስልኝ አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምመልስ አላውቅም፤ ባለማለቱ ግን ቀለለኝ፣ ይህንንም ያን ጊዜውኑ ዐውቄዋለሁ።

ወደ ዋናው ቡድን እስኪያሳድጉኝ ታገሠኝ አልኩት። አሁን ብናገር ሁለታችንንም ያግዱናል፣ ካደግኩ በኋላ ግን አይጨክኑብኝም፣ ያኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩት። ውሸቱ እውነት ይመስል ነበር። እሺ ጋሼ አለ። ምሳ ብላ ስለው አውቶብሱ ያመልጠኛል ብሎ ተነሣ። በበሩ ሲያልፍ ጥበቃው አይቶ ሳቀበት።

ወደ ዋናው ቡድን አሳደጉኝ። አልነገርኩም። መጀመሪያ ቋሚ ተሰላፊ ልሁን አልኩ። ቀጥሎ ውሌ ሊታደስ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጉልበቴ ታመመ፤ ታምሜ እያለሁ ደግሞ የሚታገድ ሰው ማን ያሳክመዋል አልኩ። ሰበብ ሞልቶ ነበር። በየበዓሉ አሰላ ስሄድ እናቴ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ስለ አየሩ አወራለሁ። ታናሼ ጭራሽ አያነሣውም። እንዲያውም ሰው ፊት ስለኔ ጨዋታ ሲያወራ ይኮራ ነበር፤ ያ ነው አንጀቴን የሚበላው።

አንድ ጊዜ ክለባችን ለዝግጅት አሰላ መጣ። ደጋ ስለሆነ ለትንፋሽ ይሆናል ተብሎ ነው። ከከተማው ልጆች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረግን። ወዳጅነት ስለሆነ ቴሴራ የሚጠይቅ የለም፤ ታናሼ ዐሥራ አንድ ቁጥር ለብሶ ገባ። ሁለት ጊዜ አለፈኝ። ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ ሳቀ፣ እኔም እንደ ቀልድ ሳቅሁ። በሦስተኛው ኳሷን ትቼ እግሩን መታሁት። ማይክሮፎን የያዘው ልጅ የተከላካዩን ስም ከነአባቱ ጠርቶ፣ እንዲህ ነው እንጂ አለ። የወደቀውን «ዐሥራ አንድ ቁጥር» ብቻ ነው ያለው፤ በያዘው ዝርዝር ላይ ስም አልነበረውም። እጁን ይዤ አነሣሁት። ጉልበቱ ተልጦ ይደማል። ደህና ነኝ ጋሼ አለኝ።

ያን ቀን ከሜዳ ስወጣ ለአሰልጣኜ ልናገር ሁለት ጊዜ አጠገቡ ሄጄ ቆሜያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጉልበቴ ሕመም አወራሁት።

ከዚያ አገባሁ። ሚስቴ የምታውቀኝ በወንድሜ ስም ነው። ነገሩን ስነግራት ስቃ፣ ታዲያ አሁን ማን ብዬ ልጥራህ አለችኝ፤ በለመደችው ቀጠለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ የክርስትና ስም ብቻ ሲጠይቁኝ እፎይ አልኩ፤ እሱ የኔው ነበር። ልጆች ወለድኩ። በኛ አገር ልጅ ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚጠራው በአባቱ ነው። የልጆቼ የልደት ወረቀት ላይ፣ የትምህርት ቤት ካርዳቸው ላይ፣ የክትባት ወረቀታቸው ላይ አባት ተብሎ የተጻፈው የታናሼ ስም ነው። መምህራቸው ስም ስትጠራ ልጆቼ የአጎታቸው ልጆች ሆነው ይጠራሉ። ታናሼ ይህን ሲሰማ በጣም ሳቀ። «እንግዲያው ወለድኩ ማለት ነው» አለ። እሱ እስካሁን አላገባም።

ሁለት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ኮምባይነር ላይ ረዳት ሆኖ ገብቶ ነበር፤ ስንዴና ገብስ የሚያጭደው ትልቁ መኪና ላይ። ቆላው ቀድሞ ስለሚደርስ ከኦጎልቾ በኩል ይጀምራሉ፣ እህሉ እየደረሰ ሲሄድ ወደ ደጋው ሽቅብ ይወጣሉ። በመከር ቤቱ አይገባም። ውሎ አድሮ ኦፕሬተር ሆነ፤ ጥሩ ኦፕሬተር ነው ይላሉ። አቧራና ፀሐይ ሠላሳ ሳይሞላው ግንባሩን ሸበሸቡት፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት አወጣ። አንድ ቀን ኦጎልቾ ሄጄ ስጠይቀው ገበሬዎቹ ሁሉ ኦፕሬተር እያሉ ነው የሚጠሩት። ለምን በስምህ አይጠሩህም አልኩት። ስሜን ከተናገርኩ እንደ ተጫዋቹ ነው? እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ኳስስ ትችላለህ ወይ ይሉኛል፤ ተውኩት አለ። ይህን ሲል አልከፋውም። የሰው ስም ወስጄ መጫወቴን ዐውቅ ነበር። ለሱ የተረፈው መሳቂያ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ጫማዬን የሰቀልኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በቴሴራው ሠላሳ አንድ ነበርኩ። አንድ የሬዲዮ ተንታኝ ገና በሠላሳ አንድ ዓመቱ እንዲህ የዘገየበት ምክንያት አይገባኝም ሲል ሰማሁት። እኔ ይገባኝ ነበር። የአሰልጣኝነት ትምህርት ወስጄ ላይሰንስ አገኘሁ፤ እሱም በወንድሜ ስም ነው። አሰላ ተመልሼ የከተማውን ታዳጊዎች ያዝኩ። በዕድሜ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም የሚል ስም አተረፍኩ። ካርድ ይዞ የመጣ ልጅ ፊቱን አይቼ ካልመሰለኝ እመልሰዋለሁ፤ ወላጆች ይፈሩኛል፣ አንዳንዶቹም ያመሰግኑኛል። ሐቀኛ ሆኜ አይደለም። የሰው ካርድ ይዞ የቆመ ጎረምሳ ማየት አልችልም። አንዷ እናት ልጇን ስመልስባት፣ እርስዎስ እንዲህ አልነበር እንዴ የጀመሩት አለችኝ። ዐውቃ ይሁን ገምታ አልገባኝም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ልምምዱ ዞርኩ።

ባለፈው መከር ነገሩ መጣ። ኮምባይነር አጭዶት የወጣ ማሳ እስኪታረስ ድረስ ባዶ ሜዳ ነው፤ የኦጎልቾ ልጆች እዚያ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ታናሼ ሥራ ሲበርድ እየሄደ ያጫውታቸው ነበር። መጀመሪያ ዳኛ ሆነ፣ ከዚያ ማሰልጠን ጀመረ፣ ከዚያ ልጆቹ እሱ ካልመጣ የማይጀምሩ ሆኑ። ወረዳው ቡድኑን ውድድር ውስጥ ላስገባ ሲል ላይሰንስ ያለው አሰልጣኝ ያስፈልጋል ተባለ። እኔን አላማከረኝም። በራሱ ስም፣ በራሱ መታወቂያ ለመጀመሪያው ደረጃ ሥልጠና አመለከተ። ማመልከቻው ተመለሰ። በዚህ ስም ላይሰንስ የያዘ አሰልጣኝ ስላለ ሁለታችሁም ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ የሚል ደብዳቤ ለሱም ለኔም ደረሰን። በሁለቱ ደብዳቤዎች ላይ ያለው ስም አንድ ነው።

ከመቅረባችን አንድ ቀን በፊት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሦስታችንም እናታችን ቤት ተቀመጥን። እሷ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ሰው በድምፅ ነው የምትለየው። ታናሼ ስለኔ ነገር ምንም አልተናገረም። ሲጠየቅ ስለ ኦጎልቾ ልጆች ብቻ ነው የሚያወራው። ግራ እግረኛ የሆነ አንድ ልጅ አለ፣ አየህ ጋሼ፣ ኳሷን እንዴት እንደሚይዛት ብታይ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ወንድሜ ያለ ኳስ የኖረበትን ዓመት ሁሉ በአንድ ላይ ያየሁት። ዕንባዬ መጣ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ማን ማን እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሳልደብቅ እናገራለሁ አልኩ። ምን እንደማጣ ዐውቅ ነበር፤ ላይሰንሱ ይሰረዛል፣ ሥራዬ ይሄዳል፣ የልጆቼ ወረቀት ሁሉ ይበላሻል፣ ከተማው ጉድ ይላል። ይሁን አልኩ። ታናሼ አጎንብሶ ትከሻዬን ሳመኝ።

«ሳልሞት ሁለታችሁንም በየስማችሁ ልያችሁ» አለች እናታችን።

በማግሥቱ በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የጠበቁን ኃላፊ በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። የሽምግልና ወንበር ላይ የተቀመጡ እንጂ ቢሮ ውስጥ ያሉ አይመስሉም። ሁለቱን መታወቂያ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ፤ አንድ ስም፣ አንድ አባት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ፎቶ። መነጽራቸውን አውልቀው ሁለታችንን አዩን። እኔ የአሰልጣኝ ቱታ ለብሻለሁ፣ ጢሜን ተላጭቻለሁ፤ ፊቴ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሐኪምና በማሳጅ የተያዘ ፊት ነው። ታናሼ ከማሳ እንደመጣ ነው፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ ሽበቱ ይታያል፣ ጥፍሮቹ ሥር የሞተር ዘይት አለ።

«ኤኙቱ አንገፋ?» አሉ በኦሮምኛ፤ ታላቁ ማን ነው ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ግን ታናሼ ላይ ነበር። «ካርዱስ የማን ነው?»

መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ምላሴ ተሳሰረ ብል ውሸት ነው፤ ምላሴ ደህና ነበር። ዝም ያልኩት እያሰብኩ ነው። ቱታዬን አሰብኩ፣ የልጆቼን ትምህርት ቤት አሰብኩ፣ በስታዲየሙ በር ስገባ የሚነሡልኝን ሰዎች አሰብኩ። አንዴ ልተንፍስና እናገራለሁ አልኩ። ተነፈስኩ። አልተናገርኩም። ታናሼ ዞሮ አየኝ። ጠበቀኝ፤ ካምፑ በር ላይ እንደጠበቀኝ አይደለም፣ በጣም አጭር ነው፣ ምናልባት ዳኛ ስም ጠርቶ አቤት እስኪባል ያህል። ፊቴ ላይ ያየውን አየ።

«እኔ ነኝ ታላቁ» አለ። «ካርዱ የሱ ነው። ወስጄ ያመለከትኩት እኔ ነኝ።»

የተሰማኝን እንዳለ ልጻፈው። የተሰማኝ እፎይታ ነው። ትከሻዬ ወረደ፣ እጄ ሞቀ፣ ላብ መጣልኝ። እፍረቱ የመጣው ኋላ ነው፤ እስካሁንም አልወጣም። በዚያች ቅጽበት ግን ወንድሜን አመስግኜው ነበር።

ኃላፊው አዘኑ። እውነት አዘኑ፣ ልባቸው ደግ ነው። ታናሽህ ላቡን ጠብ አድርጎ ያገኘውን ስም ትወስድበታለህ ብለው ተቆጡት። ታላቅ ሆነህ ልታሳድገው ሲገባህ፣ በዚህ ዕድሜህ፣ አታፍርም? አሉት። አጥፍቻለሁ አለ። ይህ በሕግ ቢያዝ እስራት አለው፣ የወንድማማች ነገር ግን እዚህ አገር ፖሊስ ጋ አይሄድም፣ እዚሁ እንጨርሰዋለን አሉና ከጎረቤት ክፍል ሁለት በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች ጠርተው ምስክር አድርገው አስቀመጡ። ዳግመኛ በዚህ ስም እንዳያመለክት ወረቀት ላይ እንዲፈርም አዘዙት። ስምህን ጻፍ፣ ትክክለኛውን አሉት። ታናሼ እስክሪብቶውን ይዞ የኔን ስም ጻፈ። ሳይሳሳት ነው የጻፈው፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ስሜን ወረቀት ላይ ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከሥሩ ፈረመበት።

ከዚያ ኃላፊው እንዲነሣ ነገሩት። ታላቅ ብትሆንም የበደልክ አንተ ነህ፣ ጉልበቱን ያዝ አሉት። ታናሼ ተነሥቶ ወደኔ መጣና ጎንበስ አለ። በልማዱ የተበደለው ሰው ጉልበቱ ሳይነካ ቶሎ ብሎ ማንሣት አለበት። ትከሻውን ይዤ አነሣሁት። ፀጉሩ ውስጥ የገለባ ብናኝ ነበር። ዓይኔን አላየኝም።

«ይቅር ትለዋለህ?» አሉኝ ኃላፊው። ሁለቱ ሽማግሌዎችም መልሴን ይጠብቃሉ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አልኩ።